የአባቴ በርኖስ በአውድማው ላይ

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ዘንድ አንድ ስልቻ መጣልኝ። ላኪልኝ ያልኋት እኔ ነኝ። በማስተምርበት በፍኖተ ሰላም ተማሪዎቼ ለዓመቱ መዝጊያ ቴያትር እያጠኑ ነው፤ ለአንዱ ልጅ የሚሆን የዱሮ ልብስ አጥቼ ነበር። የስልቻውን አፍ ስፈታው የበግ ጠጉርና የደረቀ አሪቲ ሽታ ተቀላቅሎ ወጣ። ተማሪዎቹ ሲንጫጩ እኔ ስልቻውን እንደ ያዝሁ ቁጭ አልሁ። የአባቴን ፊት በደንብ አላስታውሰውም፤ በርኖሱን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ባስረዳ ይሻላል፤ ካልተደረደረ ነገር አይሆንልኝም።

ጊዜው የጠላት ዘመን ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለው ከተማ ያኔ ወጀት ይባል ነበር። የኛ መንደር ከወጀት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ጉብታ ሥር ያለች ናት። ቡሬ ላይ የጣሊያን ምሽግ አለ፤ በየዱሩ ደግሞ አርበኞች አሉ። በሁለቱ መካከል እኛ ጤፍ እንዘራለን።

አባቴ ታከለ ጦርነቱ ሲታወጅ ከጎጃም ጦር ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ጦሩ ሲፈታ ከመንደራችን የሄዱት አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። አባቴ አልገባም። ተከዜን ሲሻገር ያየው ሰው አለ፤ ከተሻገረ በኋላ ያየው የለም።

የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ የሺ በመጣች ቁጥር ለቅሶ ይደረግ ትላለች። የእናቴ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ሬሳ ያላየ ዓይን አያለቅስም፣ እትዬ።"

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በኛ አገር ሰው ርቆ ሲሞት ሬሳው ስለማይገኝ ልብሱና መሣሪያው በሕዝብ ፊት ወጥቶ ይለቀስለታል። መሣሪያውን ይዞ የቀረ እንደ ሆነ በእንጨት ተቀርጾ ይወጣል። ያ ከሆነ በኋላ ነገሩ አለቀ፤ ሰውዬው ሞቷል፣ ሚስቱም ባል የሞተባት ናት፣ መንገድ መንገድ የሚያይለት ሰው አይኖርም። እኔ በልጅ አእምሮዬ ለቅሶ ማለት አባቴ እየመጣ ሳለ በሩን መዝጋት መስሎኝ ነበር። ስለዚህ አክስቴ የሺ በመጣች ቁጥር እደበቃለሁ።

የኔ ሥራ ውኃ ነበር። ማታ ማታ በገበቴ ውኃ ቀድቼ በበሩ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከመንገድ የገባ ሰው እግሩ ይታጠባል፤ አባቴ የሚመጣውም ከሩቅ መንገድ ነው። ጠዋት ማንም ሳይታጠብበት ያደረውን ውኃ ከደጃችን ካለችው ጌሾ ሥር እደፋዋለሁ። በበጋ የሰው ሁሉ ጌሾ ሲጠወልግ የኛ ለምለም ነበረች። ጎረቤቶች "ጥሩነሽ እጇ ይባረክ" እያሉ እናቴን ያመሰግናሉ።

በዚያው ሰሞን የኔታ ላቀው ወደ መንደራችን ተመለሱ። የኔታ የቅኔ ሰው ናቸው። ጠላት ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ በአንድ ደብር ሲያስተምሩ የተማሪ ቤት ልጆች ቴያትር ሲያሳዩ አይተው ልባቸው እዚያው ቀርቷል። ከተማው ሲያዝ ሸሽተው በየዘመድ ቤት ሲንከራተቱ ቆይተው ነው የመጡት። ይዘውት የመጡትም ዳዊታቸውንና ያንን ምኞት ነው።

በበዓል ቀን በኛ አገር አይታረስም፣ አይወቃም፣ እንጨት አይፈለጥም። ሰው ፀሐይ እየሞቀ ሲያማ ይውላል። የኔታ "እጅ ቢከለከል አፍ አልተከለከለ" ብለው በበዓላት ቀን ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ አውድማው ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ክፍያ የሚባል የለም። እንዲያውም የሚጫወት ሰው አንዳች ነገር ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ አንዱ በርጩማ፣ አንዱ ጅራፍ፣ አንዱ እንስራ። የተጻፈም ነገር አልነበረም። የኔታ በቃል ይሰጣሉ፣ ተጫዋቹ ይቀበላል፣ እንደ ውዳሴ ማርያም እስኪወጣው ድረስ ይደጋግመዋል። አውድማው በእበት ተለቅልቆ የደረቀ ስለ ሆነ እንደ መዳፍ ለጥ ያለ ነው። የጭዱ ክምር መጋረጃችን ነበር፤ ተጫዋች ከጀርባው ይለብሳል፣ ከጀርባው ይወጣል። የኔታ ቴያትር ይሉታል። እኛ "የየኔታ ጨዋታ" እንለው ነበር።

አንድ ችግር ነበረብን። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከገበያና ከለቅሶ በቀር ሰው ተሰብስቦ እንዳይገኝ ከምሽጉ ትእዛዝ ወጥቷል። ከወንዝ ማዶ ለዕርቅ የተቀመጡ ሰዎች "ምን ትመክራላችሁ?" ተብለው ወደ ቡሬ ተወስደው አልተመለሱም። ስለዚህ ጨዋታው በጥቂት ሰው ፊት ይደረጋል፤ አንድ ጎረምሳም ጉብታው ላይ ወጥቶ መንገዱን ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ስለ ሌባ ነበር። ሌባው ሸማኔው አያ ደምሴ ነው፤ የሚሰረቀው ጥጃ ደግሞ ዲያቆን ስመኝ፣ በአራት እግሩ እየሄደ። ሰው በሳቅ ሞተ። በማግስቱ ግን አንዲት ጎረቤታችን ለአያ ደምሴ ልትሰጠው የነበረውን ፈትል ይዛ ደጁን አልፋ ስትሄድ አየን።

"ምነው እቴ፣ ፈትሉን ወዴት?" አላት።

"ለሌላ ሸማኔ ልሰጠው ነው።"

"ምን አጠፋሁ?"

"እንዲያው… ጥጃውን ስትነዳ አይቼህ።"

"ጥጃው እኮ ዲያቆን ስመኝ ነው!"

"እሱን አውቄያለሁ። አነዳድህ ግን የለመደ ሰው አነዳድ ነው።"

ሌሎችም ሴቶች እንደዚያው አደረጉ። የአያ ደምሴ የሽመና መቃ ያለ ሥራ ተቀመጠ። የኔታ ዘንድ መጥቶ "የኔታ፣ ሌባ አድርገው ከአገር አጣሉኝ፤ አሁን ደግሞ ደግ ሰው አድርገው ያስታርቁኝ" አላቸው።

"ደግ ሰው ምን ያደርጋል?" አሉት የኔታ።

አያ ደምሴ "እቤቱ ይገባል" አለ።

ሁለተኛው ጨዋታ ከዚህ ተወለደ። ዘማች ከጦር ሜዳ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ተጎሳቁሏልና ማንም አይለየውም፤ እንደ እንግዳ "ቤቶች!" ብሎ ይጣራል። ሚስትየው ዲያቆን ስመኝ ሆነ። ሴት ልጅ በሰው ፊት ሌላውን ወንድ ባሌ ማለቷ ነውር ነውና፣ ሻሽ አስረን አሽኮረመምነው። ልጅትዋ እኔ ነበርሁ። የምናገረው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ "እምዬ፣ ይህ ሰውዬ ማን ነው?" ስል ስመኝ "አባትሽ ነው" ይለኛል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል።

የኔታ ሲያስረዱን "ቴያትር ማለት የሌለውን ሰው እንዳለ አድርጎ በሰው ፊት ማቆም ነው" አሉ። እኔ ይህን በሚገባ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ለኔ ጨዋታ አልነበረም። ጠበል ሲጠመቁ ሥርዓቱ እንደሚጠበቅ፣ ቃሉ ሁሉ ሳይሳሳት ከተባለ አባቴ ይቆማል ብዬ አመንሁ። አያ ደምሴ አንድ ቃል ሲዘል አለቅሳለሁ።

"ይህች ልጅ ከየኔታ ባሰች" ይላል እሱ ላቡን እየጠረገ። "እሺ ማንጠግቦሽ፣ ከወንዙ ጀምሬ ልድገመው።"

የሚለብሰው ግን አልነበረውም። ያለችው አንዲት የተጣፈች እጀ ጠባብ ናት። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የኔታ ቤታችን መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

"ጥሩነሽ፣ የታከለን በርኖስ ብታውሽን?"

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። "ለማን ነው የኔታ?"

"እቤቱ ለሚገባ ሰው። በጨዋታው፣ ለደምሴ።"

እናቴ እንዝርቷን መልሳ ማሾር ጀመረች። የኔታም መቋሚያቸውን አንሥተው ሊነሡ ሆነ። እኔ ፈራሁ። "እምዬ፣ ልብስ ከሌለው በምን ይመጣል?" አልኋት። የኔታ ስለ አያ ደምሴ የተናገርሁ መሰላቸው። እናቴ ግን ረዘም አድርጋ አየችኝ፤ ተነሣችና ስልቻውን ከግድግዳው አወረደችው።

"ጭድ እንዳይነካው" አለች።

ስልቻ ውስጥ ብዙ የከረመ ስለ ሆነ ፀሐይ ይምታው ብላ በርኖሱን በአጥሩ ላይ አሰጣችው። አክስቴ የሺ ከምንጭ ስትመለስ አየችው። እንስራዋን እንዳዘለች ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ እየተቻኮለች ሄደች። እኔ የበርኖሱ ማማር አስደንቋት መሰለኝ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውድማው ላይ ነበርን። አያ ደምሴ ከጭዱ ክምር ጀርባ በርኖሱን እየለበሰ ነው። በርጩማው አውድማው መካከል ተቀምጧል፤ አጠገቡም የኔታ ከዋንዛ የጠረቡት የእንጨት ጠመንጃ ተደግፏል። ዘማች የሚገባበት ቤት ያለ ጠመንጃ አያምርም ብለው ነው። የውኃውን ገበቴ እኔ ከቤት ይዤ መጥቼ ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም።

ድንገት ከሸንተረሩ ላይ ዋይታ ተሰማ። ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ይወርዳሉ፤ አጥቢያው በሙሉ የመጣ ይመስላል። እናቴም እንደ ደንቡ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልታለቅስ ወደነርሱ ሄደች። ከፊት የምትመራው አክስቴ የሺ ናት።

"ማን ሞቶ ነው እትዬ?" አለቻት እናቴ።

አክስቴ ለቅሶዋን አቋረጠች። "እንዴት ማን ሞተ ትያለሽ? ልብሱን ያወጣሽው አንቺ!"

"የማንን ልብስ?"

"የወንድሜን በርኖስ። ትናንት ካጥርሽ ላይ አላየሁትም? እሰይ፣ ልቧ ተመለሰ ብዬ ለአገሩ ሁሉ አስነገርሁ።"

"እኔ እኮ ለጨዋታ ነው ያወጣሁት። ደምሴ ሊለብሰው።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው "ታዲያ እኛ ያን ሁሉ አቀበት የወጣነው ለሸማኔው ነው?" አሉ። ከሴቶቹ አንዷ በነጠላዋ ውስጥ ሳቋ አመለጣት።

"የሟች ልብስ ለጨዋታ ይሰጣል?" አለች አክስቴ።

"ሟች አትበይው፣ እትዬ።" እናቴ ድምጿን አላነሣችም። "ደክማችኋል፤ አረፍ በሉ፣ ውኃ ጠጡ። ለቅሶ ግን የለም።"

የኔታ ያን ያህል ሰው ለጨዋታቸው አይተው አያውቁም። "ከመጣችሁማ ተቀመጡ" አሉ። "ታለቅሳላችሁ ወይስ ትስቃላችሁ፣ አብረን እናየዋለን።" ሰዉ እያጉረመረመ በአውድማው ዙሪያ ተቀመጠ። ዲያቆን ስመኝ ሻሹን አስሮ፣ እንዝርት ይዞ ሲወጣ ጉርምርምታው ወደ ሳቅ ተለወጠ። እኔ እግሩ ሥር ተቀመጥሁ። ከጭዱ ጀርባ የበርኖሱ ጫፍ ይታየኛል።

ጉብታው ላይ ያለው ጠባቂያችን ግን ዋይታውን ሲሰማ ሊያለቅስ ወርዶ ኖሯል። የበቅሎውን ኮቴ የሰማነው አውድማው ጫፍ ከደረሱ በኋላ ነው። ከቡሬ የሚመጡ ባንዶች ነበሩ፤ አለቃቸው በበቅሎ፣ የቀሩት በእግር።

"ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?" አለ አለቃው። አነጋገሩ እንደኛው የጎጃም ነው። ዓይኑ በርጩማው ላይ አረፈ። "ያስ ጠመንጃ?"

የኔታ ብድግ አሉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ወደ እናቴ አዩና መልሰው ዘጉት። ያኔ ለምን እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር፤ ፈርተው መስሎኝ አፈርሁባቸው። ዛሬ ይገባኛል። ለቅሶ ነው ቢሉ ሁላችንም እንድናለን። ነገር ግን ያ ቃል በሕዝብ ፊት አንዴ ከተነገረ አይመለስም፤ የመናገሩም መብት የርሳቸው አይደለም። የኔታ ከሌላ ሰው አፍ ከሚነጥቁት ይልቅ ራሳቸው መወሰድን መረጡ።

አንደኛው ባንዳ ወደ የኔታ ራመድ አለ። እናቴ ተነሣች።

"ለቅሶ ነው" አለች።

"የማን?"

እናቴ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጠበቀች።

"የባሌ። የታከለ።"

"መቼ ሞተ?"

"በዘመቻው። ተከዜ ማዶ።"

"ጠመንጃውስ?"

"የሱ እዚያው ከሱ ጋር ቀረ። ይህ እንጨት ነው። ወጉን ታውቀው የለ?"

ባንዳው ጠመንጃውን አነሣ፤ በጥፍሩ ቧጨረው፤ ለአለቃው አሳየው። ያን ጊዜ አያ ደምሴ ከጭዱ ጀርባ ወጣ። በርኖሱን አውልቆ፣ አጥፎ፣ እንደ ሬሳ በሁለት ክንዱ ታቅፎታል። እጀ ጠባቡ ብቻ ናት በላዩ ያለችው። ዕንባው በጉንጩ ይወርዳል። ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ አኖረው። አክስቴ የሺ ቆማ ሙሾ አወረደች፤

ስጠብቅህ ሳለሁ ከደጅህ ላይ ቆሜ፣
በርኖስህ መጣልኝ ያላንተ ወንድሜ።

ሰዉ ተቀበላት። ባለ ሻሹ ዲያቆን ስመኝም ፊቱን ሸፍኖ ከሴቶቹ መካከል ያለቅሳል። እኔ ግን ባዶውን በርኖስ አየሁት። አባቴ እውነትም ከውስጡ ደርሶ ኖሮ ባንዶቹን ሲያይ ወጥቶ የሸሸ መሰለኝ።

የባንዶቹ አለቃ ከበቅሎው ወረደ። ለቅሶን በበቅሎ ላይ ሆነው አያልፉትም፤ እናቱ አስተምራው ይሆናል። ቆቡን አወለቀ፤ "ነፍስ ይማር" አለ፤ በቅሎውን በልጓሙ እየሳበ አውድማውን ዞሮ አለፈ። ተከታዮቹም እንደዚያው።

ከጉብታው ማዶ ከተሰወሩ በኋላ ለቅሶው ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አልቆመም። እናቴ በርኖሱን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። አክስቴ የሺ ከኋላ አቅፋት አብራ ትወዛወዝ ነበር። ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል አለቀሱ።

ዕንባው ሲያልቅ ሰዎች አቧራቸውን እያራገፉ ሊነሡ ሲሉ እናቴ በርኖሱን ወደ አያ ደምሴ ዘረጋች።

"ልበሰው። ጀምራችሁ አልነበር? ጨርሱት።"

"አበስኩ ገበርኩ" አለች አክስቴ። "አልቅሰንለት?"

"ጥሩነሽ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር" አሉ የኔታ።

"አይ የኔታ። ያለቀስሁለት ሰው አንድ ጊዜ እቤቱ ይግባ።"

አያ ደምሴ ወደ ጭዱ ጀርባ ሄደ። ዲያቆን ስመኝ ሻሹን አስተካከለ። እኔ ቦታዬን ያዝሁ። ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ፤ የሚያጉረመርም አልነበረም።

"ቤቶች! ቤቶች!" አለ አያ ደምሴ። "የመሸበት መንገደኛ ታሳድራላችሁ?"

ዲያቆን ስመኝ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከሰዉ መካከል የእናቴ ድምፅ ቀደመው።

"ቤት የእግዚአብሔር ነው። ግባ።"

አያ ደምሴ ግራ ገባው፤ ግን ገባ። ጎንበስ ብሎ፣ የሌለውን ጉበን እንዳይገጨው ተጠንቅቆ ገባ። ዛሬ ተማሪዎቼን "በሩ ባይኖርም ጎንበስ በሉ" የምላቸው ከዚያ የቀረ ነው። በርኖሱ ሽታውን ይዞ አጠገቤ ቆመ። ቀና ብዬ ፊቱን ለማየት አልደፈርሁም፤ ወደ እግሩ አየሁ። የግራ አውራ ጣቱ የሽመናውን መርገጫ ከመርገጥ ብዛት ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። የሸማኔ እግር ነበር።

የምለው ጠፋኝ። የኔታ ከወዲያ ከንፈራቸውን አነቃነቁልኝ።

"እምዬ፣ ይህ ሰውዬ ማን ነው?" አልሁ። ስመኝን ማየት ነበረብኝ፤ ያየሁት ግን እናቴን ነው። ስመኝም ዝም አለ።

እናቴ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል፤ ፊቷ ግን ረጋ ብሏል።

"እንግዳ ነው ልጄ" አለችኝ። "ከሩቅ ነው የመጣ። ውኃ አለሽ አይደል? እግሩን እጠቢለት።"

ገበቴውን ሳብሁና አጠብሁት። ውኃው ፀሐይ ሲመታው ስለ ዋለ ለብ ብሏል። ያን የታጠፈ ጣት፣ ተረከዙን፣ በቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጣበቀውን ጭድ፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ አድርጌ ከላይ ወደ ታች አጠብሁት። አያ ደምሴ "ተባረኪ" አለኝ፤ የኔታ ያልሰጡት ቃል ነው። አንድም ሰው አልሳቀ። ጨዋታው በዚያ አለቀ።

በሳምንቱ ያቺ ጎረቤታችን ፈትሏን ይዛ አያ ደምሴ ደጅ ቆማ አየኋት። የኔታም ጠላት እስኪወጣ ድረስ በየበጋው ጨዋታቸውን ቀጠሉ፤ ጉብታው ላይ የሚቆመው ጠባቂ ግን ለቅሶ ቢሰማም እንዳይወርድ በግዝት ከልክለውት ነበር።

እናቴ ከዚያ ቀን ወዲያ ማታ ውኃ ቅጂ ብላኝ አታውቅም። ገበቴውን አድርቃ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት በቅል እየቀዳሁ ወደ ደጅ መውጣቴን አልተውሁም። ጌሾዋ ለምዳ ነበርና።